ኦዞኑ እያገገመ ምድር ለምን ትሞቃለች?

«ኦዞኑ ተቀዶ ነው እኮ ፀሐይዋ እንዲህ የምታቃጥለው።» ይህን ያልሰማ ሰው ያለ አይመስለኝም። ሙቀት በበረታ ቁጥር ይባላል፤ ዝናብ ሲቀርም ይባላል። እውነት የሚመስለውም ያለ ምክንያት አይደለም። የኦዞን ንጣፍ በእርግጥ ሳስቷል። ምድርም በእርግጥ እየሞቀች ነው። ስህተቱ አንዱን የሌላው ምክንያት ማድረጉ ላይ ነው።

ምድርን በዋናነት የሚያሞቃት ከሰል፣ ነዳጅና የተፈጥሮ ጋዝ ሲቃጠሉ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ኦዞንን ያሳሳው ደግሞ ከፍሪጅ፣ ከስፕሬይና ከፎም ያመለጠ ሌላ ዓይነት ጋዝ ነው። አንዱ ሙቀት ከምድር እንዳይወጣ ይይዛል። ሌላው ጎጂ ጨረር ወደ ምድር እንዲገባ በር ይከፍታል። ሁለት የተለያዩ ችግሮች ናቸው፤ መፍትሔያቸውም ይለያያል። የሚገናኙበት ቦታ ግን አለ። እሱም ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነው፦ በማቀዝቀዣዎቻችን ቱቦ ውስጥ የሚዞረው ጋዝ።

ነገሩን ከሥሩ እንጀምር። ዓመቶቹንም ወራቱንም ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

ሦስት ሚሊሜትር

ኦዞን ራሱ ኦክስጅን ነው። የምንተነፍሰው ኦክስጅን ሁለት አቶሞች የተጣመሩበት ነው፤ ኦዞን ደግሞ ሦስት። ይቺ አንዲት ተጨማሪ አቶም ጠባዩን ፈጽሞ ትቀይረዋለች። ኦዞን ይሸታል፣ ሳንባ ይጎዳል፣ ካገኘው ነገር ጋር ሁሉ ቶሎ ይዋሃዳል። እኛ አጠገብ ሲሆን መርዝ ነው። ከመሬት ከ15 እስከ 35 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ፣ ስትራቶስፌር በሚባለው የከባቢ አየር ክፍል ውስጥ ሲሆን ግን ጠባቂያችን ነው።

እዚያ ላይ ተዘርግቶ የሚታይ ነገር የለም። ኦዞኑ በጣም ተበትኖ ነው ያለው። በብዛት በሚገኝበት ከፍታ ላይ እንኳ፣ ከአንድ ሚሊዮን የአየር ሞለኪውሎች ውስጥ ኦዞን የሚሆኑት ከአሥር ብዙም አይዘሉም። ሁሉንም ሰብስበን ባሕር ወለል ላይ ባለው የአየር ግፊት ብንጨምቀው ውፍረቱ በአማካይ 3 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል። በቃ፣ ይኼው ነው። በየብስ ላይ ያለ ሕይወት ሁሉ የተጠለለው በዚህች 3 ሚሊሜትር ሥር ነው።

የሚጠብቀን ከአልትራቫዮሌት ጨረር ነው። ይህ ጨረር ለዓይን አይታይም፤ በሦስት ይመደባል፦ ኤ፣ ቢ እና ሲ። ሲ የሚባለው ገዳይ ነው፤ ኦክስጅንና ኦዞን ተባብረው እዚያው ላይ ያስቀሩታል። ኤ የሚባለው በአብዛኛው ያልፋል። ዋናው ጉዳይ ቢ ላይ ነው። ኦዞን አብዛኛውን ይውጠዋል፤ ጥቂቱ ግን ሾልኮ ይደርሰናል። ቆዳ የሚያሳርረው፣ ለቆዳ ካንሰርና ለዓይን ሞራ ግርዶሽ የሚዳርገው በዋናነት እሱ ነው። ሰብልንም፣ በባሕር ላይ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን እጽዋትንም ይጎዳል። ኦዞን ሲሳሳ የሚጨምረው ይኼ ነው። ሙቀት አይደለም፤ ጨረር ነው።

ኦዞን እንደ ማዕድን አንዴ ተቀምጦ የሚያልቅ ሀብት አለመሆኑንም ማወቅ ያስፈልጋል። በየጊዜው ይሠራል፣ በየጊዜው ይፈርሳል። የፀሐይ ጨረር ኦክስጅንን ለሁለት ይሰነጥቀዋል፤ የተነጠለችው አቶም ሌላ ኦክስጅን ላይ ትለጠፍና ኦዞን ይሆናል፤ ኦዞኑ በተራው ጨረር ይውጥና ይፈርሳል። ሲድኒ ቻፕማን የተባለ እንግሊዛዊ ይህን ዑደት በ1930 አስረድቶታል። መጠኑ ሳይዛነፍ የሚቆየው መሠራቱና መፍረሱ ስለሚመጣጠኑ ነው። ሰው ያደረገው የማፍረሱን ጎን ማፋጠን ነው።

እንከን የለሽ የተባለው ጋዝ

የመጀመሪያዎቹ ፍሪጆች አደገኛ ነበሩ። በአሞኒያ፣ በሰልፈር ዳይኦክሳይድና በሜቲል ክሎራይድ ነበር የሚሠሩት። ጋዙ ካፈተለከ ይመርዛል፤ አንዳንዱም ይቀጣጠላል። ሰው ቤቱ ውስጥ ተኝቶ ይሞት ነበር።

በ1928 ቶማስ ሚጅሊ የተባለ አሜሪካዊና ባልደረቦቹ መፍትሔ አገኙ፦ ክሎሮፍሎሮካርቦን፣ በአጭሩ ሲኤፍሲ። በገበያ ስሙ ፍሪዮን ይባላል። አይነድም፣ አይመርዝም፣ ከምንም ነገር ጋር አይዋሃድም። ሚጅሊ በ1930 በኬሚስቶች ጉባኤ ፊት ጋዙን ወደ ሳንባው ሳበና ሻማ ላይ ተነፈሰው። ሻማው ጠፋ፣ እሱ ምንም አልሆነም። በአንድ ትንፋሽ ሁለቱንም አሳየ። (ይኸው ሰው ቀደም ሲል ቤንዚን ውስጥ እርሳስ እንዲጨመር መንገድ የከፈተ ነው። በአንድ ዕድሜ ሁለት እንዲህ ያለ ፈጠራ!)

ከዚያ በኋላ ሲኤፍሲ ያልገባበት ቦታ አልነበረም። ፍሪጅ፣ ኤሲ፣ የፀጉር ስፕሬይ፣ የፍራሽ ፎም፣ የኤሌክትሮኒክስ ማጽጃ። ተጠቅሞ መልቀቅ እንደ ጥፋት አይቆጠርም ነበር። ምንም የማያደርግ ጋዝ ምን ያደርጋል?

ጉዱ ያለው እዚሁ ጋ ነው። ከምንም ነገር ጋር ስለማይዋሃድ እዚህ ታች የሚያፈርሰው ነገር የለም። ዝናብ አያጥበውም። ጀምስ ላቭሎክ የተባለ እንግሊዛዊ ሳይንቲስት በ1970ዎቹ መጀመሪያ በመርከብ አትላንቲክን ይዞ ሲወርድ በሄደበት ሁሉ ሲኤፍሲ አየሩ ውስጥ አገኘ። አንደኛው ዓይነት ሲኤፍሲ-11 ወደ 50 ዓመት፣ ሲኤፍሲ-12 ደግሞ ወደ 100 ዓመት አየር ውስጥ ይቆያል። ይህ ሁሉ ጊዜ ካለው ቀስ እያለ ወደ ላይ መድረሱ አይቀርም።

ላይ ሲደርስ ምን ይሆናል? ማሪዮ ሞሊና እና ሼርውድ ሮውላንድ የተባሉ ኬሚስቶች በ1974 መለሱት። ከኦዞን ንጣፍ በላይ ያለው ኃይለኛ ጨረር ሲኤፍሲን ይሰብረዋል፤ ክሎሪን ይለቀቃል። ክሎሪኑ ከኦዞን አንዷን አቶም ይነጥቃል፤ ኦዞኑ ተራ ኦክስጅን ሆኖ ይቀራል። ከዚያ ክሎሪኑ የነጠቃትን አቶም ይጥልና ወደ ሌላ ኦዞን ይሄዳል። ራሱ አያልቅም። አንዲት የክሎሪን አቶም ከመንገዱ እስክትወገድ ድረስ እስከ 100 ሺህ የሚደርሱ የኦዞን ሞለኪውሎችን ልታፈርስ ትችላለች። ለዚህ ነው ከጠቅላላው አየር አንጻር ኢምንት የሆነ ጋዝ እንዲያ ያለ ጉዳት ያደረሰው።

አምራቾቹ «ይኼ ግምት ነው» አሉ። እውነትም በጊዜው ሰማይ ላይ በዓይን የታየ ነገር አልነበረም። ሁለቱ ሳይንቲስቶች ከፖል ክሩትዘን ጋር የኖቤል ሽልማት ሲያገኙ ዓመቱ 1995 ደርሶ ነበር።

ለምን አንታርክቲካ?

በግንቦት 1985 ጆ ፋርማን፣ ብራያን ጋርዲነርና ጆናታን ሻንክሊን የተባሉ የብሪታንያ አንታርክቲክ ጥናት ተመራማሪዎች አንድ አጭር ጽሑፍ አወጡ። በደቡብ ዋልታ አህጉር በአንታርክቲካ ባለው፣ ሃሊ በሚባለው ጣቢያ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ኦዞን ሲለካ ኖሯል። መሣሪያው ጎርደን ዶብሰን በ1920ዎቹ የፈለሰፈው ዓይነት ነው፤ ያረጀ፣ ግን የማያታልል። በዚያ መለኪያ በየጥቅምቱ 300 አካባቢ የነበረው ቁጥር በ1984 ከ200 በታች ወርዶ ነበር። የናሳ ሳተላይትም ዝቅተኛውን ቁጥር መዝግቦት ነበር። ከሚጠበቀው በታች ስለሆነ ግን አጠራጣሪ ተብሎ ወደ ጎን ተቀምጧል። እኔ ከዚህ ታሪክ ሁሉ የሚገርመኝ ይኼ ነው፤ ውድ ቴክኖሎጂ አየው፣ ያመነው ግን የድሮው መሣሪያ ነው።

ሲኤፍሲ በብዛት የተለቀቀው በሰሜኑ የምድር ክፍል ነው። ታዲያ ጉዳቱ ሰው በማይኖርበት በደቡብ ጫፍ ለምን ሆነ? ሱዛን ሰለመን የተባለች አሜሪካዊት ሳይንቲስት በ1986 ምክንያቱን በጽሑፍ አቀረበች፤ በዚያው ዓመት ቡድን መርታ ወደ አንታርክቲካ ሄደችና የሚደግፈውን መረጃ ይዛ ተመለሰች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋዙ በአንድና በሁለት ዓመት ውስጥ በመላው ዓለም ይዳረሳል፤ ከየት መነሳቱ ለውጥ የለውም። አንታርክቲካን የሚለየው ብርዱ ነው። በብርዱ ወቅት እዚያ ለወራት ፀሐይ አትወጣም። ኃይለኛ ነፋስ ዋልታውን ከብቦ ይሽከረከራል፤ ውስጥ ያለው አየር ታጥሮ ይቀዘቅዛል። ሙቀቱ ከዜሮ በታች 78 ዲግሪ ገደማና ከዚያ በታች ሲወርድ ስትራቶስፌር ውስጥ የበረዶ ደመና ይፈጠራል። በተለመደው ጊዜ ክሎሪኑ በሌሎች ውህዶች ውስጥ ታስሮ ስለሚቀመጥ ብዙ አያጠፋም። በደመናው ቅንጣቶች ላይ ግን እስሩ ይፈታል። ከዚያ ፀሐይ መጠበቅ ብቻ ነው። በመስከረም ብርሃን ሲመለስ ጥፋቱ ይጀምራል፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በአንዳንድ ከፍታዎች ያለው ኦዞን ጨርሶ ሊጠፋ ይደርሳል። በኅዳርና በታኅሣሥ ነፋሱ ሲላላ ከሌላ ቦታ አየር ይገባና «ቀዳዳ» የሚባለው የሳሳው ቦታ ይዘጋል።

ስለዚህ «ቀዳዳው» ወቅት አለው። ዓመቱን ሙሉ ተከፍቶ የሚቆይ ነገር አይደለም። በሰፋባቸው ዓመታት ከ20 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። በሰሜን ዋልታ አየሩ ያን ያህል ስለማይቀዘቅዝ እንዲህ ያለ ነገር ብርቅ ነው፤ ቢሆንም በ2011 እና በ2020 ኦዞኑ ክፉኛ ሳስቶ ነበር።

የምድር ወገብ አካባቢስ? እዚያ የኦዞኑ መጠን በሰው ምክንያት የተቀነሰው በጣም ጥቂት ነው። ጨረሩ የሚበረታው በተፈጥሮ ነው። ፀሐይ አናት ላይ ትውላለች፤ ኦዞኑም በተፈጥሮው ከሌላው ስስ ነው። በሐሩር ክልል የሚኖር ሰው «ቀዳዳው ነው ያቃጠለኝ» ቢል ቀዳዳው ከእሱ በሺዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቆ ነው ያለው።

ሁለቱ የሚነካኩባቸው ቦታዎች

ይህን ካልን በኋላ ግን፣ ኦዞንና አየር ንብረት ጨርሶ አይገናኙም ማለትም ስህተት ነው። ይነካካሉ፤ አንዳንዴም ግራ በሚያጋባ መንገድ።

የመጀመሪያው ሲኤፍሲ ራሱ ነው። ኦዞን ከማፍረሱም ሌላ ሙቀት ይይዛል፤ ያውም ክፉኛ። አንድ ኪሎ ሲኤፍሲ-12 በ100 ዓመት ጊዜ ውስጥ ከአንድ ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ10 ሺህ እጥፍ በላይ ያሞቃል። ኦዞንን ለማዳን ሲኤፍሲን ማገድ ማለት፣ ታቅዶም ባይሆን፣ ምድርን ከተጨማሪ ሙቀት ማዳን ነበር።

ሁለተኛው ገራሚ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ታች ያለውን አየር ሲያሞቅ ላይኛውን ስትራቶስፌር ያቀዘቅዘዋል። ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ጋዙ ያገኘውን ሙቀት በቀጥታ ወደ ጠፈር ይረጨዋል። ሳተላይቶች ይህን መቀዝቀዝ አይተውታል። ልብ በሉ፦ ምድርን ያሞቀችው ፀሐይ ራሷ ጠንክራ ቢሆን ኖሮ ላይም ታችም አብሮ በሞቀ ነበር። ታች ሞቆ ላይ መቀዝቀዙ የግሪንሃውስ ጋዝ (ሙቀት የሚይዝ ጋዝ) የጣት አሻራ ነው። ለኦዞን ይህ ቅዝቃዜ ሁለት ፊት አለው። በላይኛው ስትራቶስፌር የማፍረሱን ሥራ ያዘገያል። በዋልታዎች ግን ያንን የበረዶ ደመና ያበዛል።

ሦስተኛው ነፋስ ነው። ኦዞን ሲጠፋ የአንታርክቲካ ስትራቶስፌር ይቀዘቅዛል፤ በዚህ ምክንያት በደቡቡ የምድር ክፍል በበጋ የሚነፍሰው ትልቁ የምዕራብ ነፋስ ወደ ዋልታው ተጠግቷል። ዝናቡንም ተከትሎት እንዲሄድ አድርጓል። ከ2000 ወዲህ ኦዞኑ ማገገም ሲጀምር ይህ መንሸራተት ቆሟል።

አራተኛው ናይትረስ ኦክሳይድ ነው። ከሰው ሥራ የሚመነጨው በዋናነት የሚመጣው ማዳበሪያ ከበዛበት አፈርና ከከብት እበት ነው። ሙቀት በመያዝ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ወደ 270 እጥፍ ይበልጠዋል፤ ስትራቶስፌር ሲደርስም ኦዞን ያፈርሳል። ዛሬ ከሚለቀቁት ጋዞች ሁሉ ለኦዞን ዋናው ጠንቅ እሱ ነው። ቀጥሎ በምናየው የኦዞን ስምምነት ውስጥ ግን አልተካተተም። ፍሪጅ መቀየር አንድ ነገር ነው፤ ዓለም እህል የሚያመርትበትን መንገድ መቀየር ሌላ።

መሬት ላይ ያለውን ኦዞንም እንዳንረሳው። ከመኪናና ከፋብሪካ የሚወጣው ጭስ በፀሐይ ብርሃን ሲበስል ኦዞን ይፈጥራል። ሙቀት በበረታባቸው ቀናት ይብሳል፤ አስም ያለበትን ሰው ያስጨንቃል። ይህ ወደ ላይ ወጥቶ ቀዳዳውን አይደፍንም። በመንገዱ ይፈርሳል።

የተሳካው ስምምነት

መስከረም 16 ቀን 1987 የሞንትሪያል ፕሮቶኮል ተፈረመ። ዛሬ 198 ፈራሚዎች አሉት፤ በዓለም ላይ ያሉ አገሮች በሙሉ ማለት ይቻላል። ብዙ ጊዜ «ሰዎች ተባብረው ዓለምን አዳኑ» እየተባለ ይተረካል። ደስ የሚል ተረት ነው። እኔ ግን ስኬቱ በጎ ፈቃድ ብቻ አይመስለኝም፤ አሠራሩ ነው።

አንደኛ፣ ሲኤፍሲ የሚያመርቱት ኩባንያዎች ጥቂት ነበሩ። ምትክ ማምረትም ይችሉ ነበር። ከሁሉ ትልቁ ዱፖንት ለዓመታት ሲከራከር ቆይቶ በ1988 ማምረቱን እንደሚያቆም አስታወቀ። ሁለተኛ፣ ስምምነቱ መጀመሪያ የጠየቀው ትንሽ ነበር፤ ሲኤፍሲን በግማሽ መቀነስ ብቻ። ሳይንሱ እየጠራ ሲመጣ በ1990 ለንደን ላይ፣ በ1992 ኮፐንሃገን ላይ ጠበቀ። የበለጸጉት አገሮች እስከ 1996 እንዲያቆሙ፣ በማደግ ላይ ያሉት ደግሞ እስከ 2010 ጊዜ እንዲያገኙ ተደረገ። ሦስተኛ፣ ገንዘብ ነበረው። ለድሆቹ አገሮች ፋብሪካ መለወጫና ባለሙያ ማሠልጠኛ የሚሆን ፈንድ ተቋቋመ። አራተኛ፣ ካልፈረመ አገር ጋር እነዚህን ጋዞች መነገድ ተከለከለ። ከውጭ መቅረት አላዋጣም።

ማጭበርበር አልጠፋም። በ2018 ሳይንቲስቶች የሲኤፍሲ-11 መጠን በሚጠበቀው ፍጥነት እየቀነሰ አለመሆኑን አስታወቁ። አንድ ቦታ አንድ ሰው በድብቅ እያመረተ ነበር። በዓመቱ ከኮሪያና ከጃፓን የአየር መለኪያ ጣቢያዎች የተገኘው መረጃ ከጭማሪው ብዙውን ወደ ምሥራቅ ቻይና አመለከተ። ቁጥጥር ተደረገ፤ ልቀቱም ወረደ። አየር መዋሸት አይችልም፤ የተለቀቀው ጋዝ መለካቱ አይቀርም።

ስምምነቱ እስከተከበረ ድረስ ኦዞን ወደ 1980 መጠኑ የሚመለሰው በአብዛኛው ዓለም ላይ በ2040፣ በሰሜን ዋልታ በ2045፣ በአንታርክቲካ በ2066 አካባቢ እንደሚሆን ይጠበቃል። ሲኤፍሲ ሳይታገድ ቢቀጥል ኖሮስ? የናሳ ሳይንቲስቶች በኮምፒውተር ሞክረውት ነበር። በ2065 ከዓለም ኦዞን ሁለት ሦስተኛው ይጠፋ ነበር።

ታዲያ ካርቦን ዳይኦክሳይድን በዚሁ መንገድ ለምን አናስቆመውም? ሲኤፍሲ የሚጠቅመው ለጥቂት ነገር ነበር፤ ነዳጅ ግን የዓለም ኢኮኖሚ ሁሉ የቆመበት ነው። አምራቹም ተጠቃሚውም ሥፍር ቁጥር የለውም። ሌላም የባሰ ልዩነት አለ። ክሎሪን በአሥርተ ዓመታት ውስጥ እየተጣራ ይሄዳል። ከለቀቅነው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከፊሉ ግን ለሺህ ዓመታት አየር ውስጥ ይቆያል። ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት በሚሊዮን 280 እጅ የነበረው ዛሬ ከ420 አልፏል። ልቀቱ ነገ ቢቆም ሙቀቱ መጨመሩን ያቆማል እንጂ ወደ ድሮው አይመለስም። በ2024 የዓለም አማካይ ሙቀት ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት ከነበረው በ1.55 ዲግሪ ገደማ በልጧል። ስለዚህ ከኦዞን ጋር ማገገሙን እየጠበቁ መኖር ይቻላል። ከሙቀቱ ጋር ግን ለምዶ፣ ተዘጋጅቶ መኖር ግድ ነው።

ምትኩም መዘዝ አመጣ

ሲኤፍሲ ሲታገድ በቦታው ኤችኤፍሲ የሚባሉት ጋዞች መጡ። ክሎሪን የላቸውም፤ ኦዞንን አይነኩም። ሙቀት መያዙን ግን አልተዉም። በመኪና ኤሲና በብዙ ፍሪጆች ውስጥ ያለው አር-134ኤ የሚባለው ኤችኤፍሲ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከ1,000 እጥፍ በላይ ይበልጠዋል። አንዱን በር ዘግተን ሌላውን ከፈትን።

በጥቅምት 2016 አገሮች ኪጋሊ ላይ ተሰብስበው የሞንትሪያሉን ስምምነት አሻሻሉ፤ ኤችኤፍሲም ደረጃ በደረጃ እንዲቀንስ ተወሰነ። በሙሉ ከተተገበረ እስከ ምዕተ ዓመቱ መጨረሻ እስከ 0.5 ዲግሪ የሚደርስ ሙቀት ያስቀራል ተብሎ ይገመታል። ለኦዞን የተዋዋለው ሰነድ ኦዞንን ለማይነካ ጋዝ መዋሉ ትንሽ ያስቃል። ግን መሣሪያው የሚሠራ ሆኖ ከተገኘ ለምን አይጠቀሙበትም?

አሁን የሚመጡት ምትኮች እነማን ናቸው? አሞኒያ፣ ፕሮፔን፣ ኢሶቡቴን፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ። አዎ፣ ሚጅሊ ሊያባርራቸው የተነሳው መርዛማና ተቀጣጣይ ዘመዶች ተመለሱ። ልዩነቱ ዛሬ ማሽኑ የተሻለ ነው። አንድ የቤት ፍሪጅ ውስጥ የሚገባው ኢሶቡቴን በአሥሮች የሚቆጠር ግራም ብቻ ነው። ያም ሆኖ ጋዙ ይነዳል። ለእሱ ባልተሠራ ማሽን ውስጥ ፈጽሞ አይሞላም።

ይህ ሁሉ የሚያሳስበው ማቀዝቀዣ እየበዛ ስለሚሄድ ነው። ዓለም አቀፉ የኢነርጂ ኤጀንሲ በ2018 እንዳወጣው በዓለም 1.6 ቢሊዮን ያህል ኤሲ ነበር፤ በ2050 ወደ 5.6 ቢሊዮን ሊደርስ ይችላል። ኤሲና ማራገቢያ በዓለም ላይ ከሚፈጀው ኤሌክትሪክ አንድ አሥረኛውን ይወስዳሉ። ምድር ስትሞቅ ኤሲ እንገዛለን፤ ኤሲው መብራት ይበላል፤ መብራቱ ከነዳጅ ከመጣ ምድርን ያሞቃል፤ ጋዙ ካፈሰሰም ይጨምርበታል። ቢሆንም ኤሲን እንደ ቅንጦት ብቻ ማየት አልወድም። በከባድ ሙቀት ለሕፃንና ለአዛውንት የሕይወት ጉዳይ ነው።

ለጨረሩ ሌላ ጥንቃቄ፣ ለሙቀቱ ሌላ

ሁለቱን መለየት በተግባር የሚጠቅመው እዚህ ጋ ነው። ጨረርና ሙቀት አብረው የሚመጡ ይመስለናል። ላይመጡ ይችላሉ። ነፋሻና ቀዝቃዛ በሆነ ከፍተኛ ቦታ ላይ ጨረሩ ይበረታል፤ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ስስ ደመና ብዙውን ያሳልፈዋል። በረዶና አሸዋም መልሶ ይረጨዋል። «ዛሬ አይሞቅም» ብሎ መዘናጋት አያዋጣም።

ቀላሉ መለኪያ ጥላችሁ ነው። ጥላችሁ ከቁመታችሁ ካጠረ ጨረሩ ኃይለኛ ነው፤ ከለላ ፈልጉ። የአየር ትንበያ ላይ የአልትራቫዮሌት መጠን የሚነገር ከሆነ ከ3 ጀምሮ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ 11ና ከዚያ በላይ እጅግ አደገኛ ነው። ሰፊ ባርኔጣ፣ እጅጌ ያለው ልብስና ጨረር የሚከላከል መነጽር ከክሬም በፊት ይመጣሉ። ጥቁር ቆዳ ብዙ ይከላከላል፤ ዓይን ግን የቆዳ ቀለም አያድነውም። አልቢኒዝም ያለበት (ቆዳው ቀለም የሌለው) ሰው ደግሞ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጥብቅ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ሙቀት የሚገድለው በሌላ መንገድ ነው። ሰውነት የሚቀዘቅዘው ላብ ሲተን ነው። አየሩ እርጥበት ከሞላው ላቡ አይተንም፤ ጥላ ሥር ብትቀመጡም አያድናችሁም። ሌሊቱ ካልቀዘቀዘ ደግሞ ልብ እረፍት አያገኝም። ቀድመው የሚጎዱት ሕፃናት፣ አዛውንት፣ የልብ ሕመምተኞችና ውጭ የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። ውሃ መጠጣት፣ ቆዳን ማርጠብ፣ ከባድ ሥራን ወደ ማለዳ ማዞር ይጠቅማል። ማራገቢያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በታች ሲሆን ጥሩ ነው፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ሰውነትን ያሞቃል እንጂ አያቀዘቅዝም። በሙቀት የተጎዳ ሰው መዘባረቅ ወይም መፍዘዝ ከጀመረ ነገሩ አስቸኳይ ነው፤ ሐኪም እስኪገኝ በውሃ እያቀዘቀዙ ማቆየት ነው።

ቤትም ይረዳል። ነጭ ጣሪያ ብርሃኑን ይመልሳል። መስኮትን ከውስጥ በመጋረጃ ከመሸፈን ከውጭ በኩል ማጠለል ይሻላል፤ ፀሐይዋ መስታወቱን ካለፈች ሙቀቷ ቤት ገብቷል። ቀን ዘግቶ ሌሊት ከፍቶ ማናፈስም ሌሊቱ ለሚቀዘቅዝ ቦታ ነው። ከቤት ወጣ ስንል ደግሞ ከሁሉ ርካሹ ማስጠንቀቂያ ነው። አውሎ ነፋስ ወይም ከባድ ሙቀት ከመምጣቱ ከ24 ሰዓት በፊት ቢታወቅ ብቻ ጉዳቱን በ30 በመቶ ያህል ሊቀንስ እንደሚችል ይገመታል።

አንድ ነገር ለፍሪጅና ለኤሲ ባለቤቶች። አሮጌ ፍሪጅ ሲጣል ቱቦውን መቁረጥ ጋዙን በሙሉ ወደ ሰማይ መልቀቅ ነው። በባለሙያ ተስቦ በሲሊንደር መውጣት አለበት። «ኤሲው በየዓመቱ ጋዝ ይሞላ» የሚል ምክርም ብዙ ጊዜ ይሰማል። ጋዙ እንደ ነዳጅ እየተቃጠለ የሚያልቅ አይደለም፤ ዝግ ቱቦ ውስጥ ነው የሚዞረው። ከቀነሰ የሚያፈስበት ቦታ አለ ማለት ነው። ባለሙያው ከመሙላቱ በፊት እሱን ፈልጎ ይድፈን።